የቃል ኪዳን ዋጋ፤ ከጄኔቭ አዳራሽ እስከ ቡሬ ምሽግ



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ዓመት ለመታሰቢያው መጽሔት አንዳንድ ነገር እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፣ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ስፖርት፣ አንዳንዶቹ ስለ እርሻ፣ አንዳንዶቹም ስለ ጤና አጠባበቅ ለመጻፍ መረጡ። እኛ ግን ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባችንን ሲከነክነው የኖረውን ጉዳይ ለመጻፍ ወሰንን። ነገሩ እንዲህ ነው።

ባለፈው ዓመት በክርክር ማኅበራችን፣ «አንድ መንግሥት የገባውን ቃል ለመጠበቅ ሲል የራሱን ጥቅም ሊተው ይገባዋልን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ዕጣ ሲወጣ ለእኛ የደረሰን «አይገባውም» የሚለው ወገን ሆነ። እኛም፣ «መንግሥት እንደ አንድ ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ስለ ቃሉ ቢከስር የሚራበው እርሱ ራሱ ነው፤ መንግሥት ግን ስለ ቃሉ ቢከስር የሚራበው ሕዝቡ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ቃል የሚጠበቀው ጥቅም እስካለው ድረስ ብቻ ነው» ብለን ተከራከርን። ዳኞቹ ፈረዱልን፤ አዳራሹም አጨበጨበልን። ደስ ብሎን ስንወጣ ግን የታሪክ መምህራችን ጠርተውን፣ «አነጋገራችሁ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከእናንተ በፊት በጄኔቭ ይህንኑ የተናገሩ ሰዎች ነበሩ፤ የንግግራቸውንም ዋጋ የከፈሉት ቅድመ አያቶቻችሁ ናቸው፤ ሂዱና አንብቡ» አሉን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያነበብነውንና ያሰብነውን በዚህች አጭር ጽሑፍ እናቀርባለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገና ሕፃናት ሳለን ተምረናል። ንጉሡ አክዓብ የድሀውን ርስት ተመኘ፤ መጀመሪያ በገንዘብ ወይም በለውጥ ስጠኝ አለው፤ ድሀው ያባቶቼን ርስት አልሰጥም ባለ ጊዜ ግን የሐሰት ምስክር ቆሞበት በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። በዚያን ጊዜ እንደ ልጅነታችን የጠላነው አክዓብንና ኤልዛቤልን ብቻ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ጥያቄ እንጠይቃለን። የናቡቴ ጎረቤቶች የት ነበሩ? እውነቱን እያወቁ በአደባባዩ ዙሪያ የቆሙት የከተማው ሽማግሌዎች ምን ይሆን ያሰቡት? የ1928 ዓ.ም. ታሪክ ከግፈኛውና ከተገፋው ይልቅ የጎረቤቶቹ ታሪክ ሆኖ አግኝተነዋል።

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በመስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ይህ ማኅበር ከታላቁ የአውሮፓ ጦርነት በኋላ የተቋቋመ ሲሆን፣ በቃል ኪዳኑ 10ኛ አንቀጽ አባሎቹ አንዱ የሌላውን ድንበርና ነጻነት እንዲያከብር ተስማምተው ነበር። በ16ኛው አንቀጽ ደግሞ ቃሉን አፍርሶ ጦርነት የሚያነሣ አባል ቢገኝ፣ በሁሉ ላይ እንደ ተነሣ ተቆጥሮ ንግዱና የገንዘብ ግንኙነቱ ሁሉ እንዲቋረጥበት ተማምለው ነበር። በአገራችን ባህል እንደሚደረገው የጎረቤታሞች መሐላ ያለ ነው፤ የአንዱ በሬ ቢነዳ ሁሉም ለፍለጋ ይወጣል።

እውነትን ለመናገር ግን ኢትዮጵያም ወደዚያ ማኅበር የገባችው ንጹሕ እጅ ይዛ አልነበረም። በመግቢያዋ ጊዜ ታላቅ ክርክር ያስነሣባት የባሪያ ንግድ ነበር፤ እርስዋም ይህን ክፉ ሥራ ልታስቀር ቃል ገባች፤ በዚያው በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ። ይህ ነገር ለእኛ ለጎጃም ልጆች የሩቅ ወሬ አይደለም። ከቡሬ በስተ ምዕራብ ወደ ቆላው ስንወርድ የሚኖሩት የጉሙዝ ወገኖቻችን ከደጋው በወረደ ሰው እየታደኑ ተሸጠዋል። ኢጣልያ ይህን የእኛን ኀጢአት በዓለም ፊት ዘርዝራ ለወረራዋ ምክንያት አደረገችው። ኀጢአቱ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሐሰት ነበር። ሌባ ወደ ጎረቤቱ ቤት ሲገባ፣ «ባለቤቱ ልጆቹን ይደበድባል» ቢል ስርቆቱ ፍርድ አይሆንለትም። ነገር ግን ጠላት በደላችንን መሣሪያ ሊያደርገው የቻለው በደሉ ስለ ነበረን መሆኑን ልንክድ አይገባንም።

ነገሩ የተጀመረው በኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል በተነሣው ግጭት ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ኢትዮጵያ ነገሩን በሽምግልና ለመጨረስ ወደ ጄኔቭ አቤት ስትል፣ ኢጣልያ ግን ወታደርና የጦር መሣሪያ በመርከብ ጭና ወደ ምፅዋና ወደ ሞቃዲሾ ታመላልስ ነበር። በዚያው ወራት ታላላቆቹ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ይህ ለጆሮ የእኩልነት ፍርድ ይመስላል። ኢጣልያ ግን መድፉንም አውሮፕላኑንም ራስዋ ትሠራ ነበርና የተከለከለችው ኢትዮጵያ ብቻ ሆነች። እጁን ለታሰረና እጁ ለተፈታ፣ «ሁለታችሁም በትር እንዳትገዙ» ብሎ መፍረድ እኩልነት ነውን?

በነሐሴ 24 ቀን 1927 ዓ.ም. ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገሪቱ ግማሽ በሚሆን መሬት ላይ ነዳጅ ዘይት የመፈለግ መብት ሪኬት ለሚባል እንግሊዛዊ ነጋዴ ለ75 ዓመት ሰጡ፤ ከጀርባው ያለው ገንዘብ የአሜሪካ ኩባንያ ነበረ። ሐሳባቸው ግልጥ ነው። ዓለም ለፍርድ ሲል ካልተነሣ፣ ለዘይቱ ሲል ይነሣ ይሆናል ብለው ነው። ነገር ግን የአሜሪካ መንግሥት ኩባንያውን ስለ ተጫነው ውሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈረሰ። እኛ ይህን ስናነብ ልባችን አዘነ። አንድ ንጉሥ ጎረቤቶቹን ለቃላቸው እንዲነሡለት በርስቱ እስኪያባብላቸው ድረስ መድረሱ፣ ቃሉ ብቻውን ዋጋ እንዳጣ ያሳያልና።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። ከአራት ቀን በኋላ የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ቃል ኪዳኗን አፍርሳለች ብሎ ፈረደ፤ ወደ 50 የሚሆኑ መንግሥታትም ፍርዱን ተቀበሉ። በዓለም ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልተደረገም። ከኅዳር 8 ቀን ጀምሮም የንግድ ማዕቀብ ተጣለባት፤ ከኢጣልያ ዕቃ መግዛት፣ ለእርስዋም ገንዘብ ማበደርና አንዳንድ ዕቃ መሸጥ ተከለከለ።

አንባቢ ሆይ፤ ከተከለከለው ዕቃ መዝገብ ላይ ጥቂቱን እንይ። ጎማ ተከለከለ፤ ቆርቆሮ ተከለከለ፤ ኢጣልያ ከበቂ በላይ የነበራት አሉሚኒየም ተከለከለ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም ተከለከሉ። የድንጋይ ከሰል ግን አልተከለከለም፤ ብረት አልተከለከለም፤ ከሁሉም በላይ ነዳጅ ዘይት አልተከለከለም። እንግዲህ ለኢጣልያ በቅሎ መሸጥ ኀጢአት ሆኖ፣ የካሚዮኑንና የአውሮፕላኑን ቤንዚን መሸጥ ግን ደንበኛ ንግድ ሆነ ማለት ነው። የጎጃም ገበሬ በቅሎ ምን እንደምትችል ያውቃል፤ በቅሎ ግን ከሰማይ ቦምብ አትጥልም።

ዘይቱ ይመጣ የነበረው ከሮማንያ፣ ከሶቪየት ኅብረትና ከሌላም አገር ነው፤ የማኅበሩ አባል ካልነበረችው ከአሜሪካም ይመጣ ነበር። እያንዳንዱ ሻጭ፣ «እኔ ብተው ሌላው ይሸጠዋል» ይል ነበር። የስዌዝ ቦይም እንዲሁ ክፍት ሆኖ ቆየ። በ1881 ዓ.ም. የተደረገው ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ክፍት እንዲሆን ያዛል ተባለ። ስለዚህ ወታደሩም፣ ጥይቱም፣ ኢፔሪት የተባለው የመርዝ ጢስም በዚያ መንገድ አለፈ፤ የቦዩ ኩባንያም ከያንዳንዱ መርከብ ቀረጡን ተቀበለ። በመርዝ ጢስ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1917ቱን የጄኔቭ ስምምነት ኢጣልያም ፈርማ ያጸደቀችው ነበር። እንግዲህ አንዱ ውል ጢስ የጫነውን መርከብ ለማሳለፍ ሲጠቀስ፣ ጢሱን የሚከለክለው ሌላው ውል ግን ተረሳ።

እዚህ ላይ በክርክሩ ጊዜ የያዝነውን ወገን ምክንያት በቅንነት ማቅረብ ይገባናል። እንግሊዝና ፈረንሳይ የፈሩት ነገር ከንቱ አልነበረም። ሒትለር በጀርመን ተነሥቶ ነበርና ሙሶሊኒን ብናስቀይመው ከሒትለር ጋር ይሆናል ብለው ሠጉ። ሕዝባቸውም ከታላቁ ጦርነት ቍስል ገና አልዳነም ነበር። ሌላ ጦርነት እንዳይመጣ መመኘት ነውር አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገር ይህን ምክንያት ያፈርስብናል። አንደኛው፣ ከጦርነቱ ጥቂት ወራት በፊት በእንግሊዝ አገር በተደረገ የሕዝብ ድምፅ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው፣ ወራሪን በንግድ ማዕቀብ መቅጣት ይገባል ብሎ ነበር። ስለዚህ የፈራው ከሕዝቡ ይልቅ መንግሥቱ ነው። ሁለተኛው፣ ቃል ኪዳኑ የፈረሰበት የፈሩትን ነገር ለማስቀረት ቢሆንም የፈሩት ነገር አልቀረም። የካቲት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሒትለር ጦሩን ወደ ራይን አገር አስገባ፤ ሙሶሊኒም ከእርሱ ጋር ተወዳጀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዓለም በሙሉ ተቃጠለ። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በዚህ መካከል የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል በምሥጢር ተማክረው አንድ የማስታረቂያ ሐሳብ አወጡ። ኢትዮጵያ ሰፊ መሬቷን ለኢጣልያ እንድትለቅና በለውጡ ወደ ባሕር የሚያደርስ ጠባብ መሬት እንድታገኝ ነው። አንድ የሎንዶን ጋዜጣ ይህን መሬት የግመል መተላለፊያ ብሎ ቀለደበት። ምሥጢሩ በወጣ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ስለ ተቈጣ ሆር በታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥልጣኑን ለቀቀ። አክዓብም ናቡቴን፣ «የወይን ቦታህን ስጠኝ፤ ሌላ እለውጥልሃለሁ» ማለቱን አስታውሱ። ልዩነቱ በዚህ ጊዜ ለውጡን ያቀረቡት ከአክዓብ ይልቅ ጎረቤቶቹ መሆናቸው ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ አዳራሽ ቆሙ። የኢጣልያ ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ እርሳቸው ግን ታግሠው በአማርኛ ተናገሩ። ንግግሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከአራት ቀን በኋላ የሆነው ነው። ኢትዮጵያ መከላከሏን እንድትቀጥል 10 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲበደርላት ጠየቀች። ድምፅ በተሰጠ ጊዜ 23 መንግሥታት አይሆንም አሉ፤ 25 መንግሥታት ድምፃችንን አንሰጥም አሉ፤ ይሁን ያለ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ራስዋ ኢትዮጵያ ናት። በሐምሌ 8 ቀን ማዕቀቡ ተነሣ። እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከ23ቱ ይልቅ በ25ቱ ላይ ቆም ብለን አሰብን። እነዚያ ክፉ አልተናገሩም፤ ምንም አልተናገሩም። የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ላይ ያሉት ካህኑና ሌዋዊው ቍስለኛውን አልደበደቡትም፤ ያለፉት በማዶ በኩል ነው።

ሙሶሊኒ ራሱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሙኒክ ለሒትለር፣ ማኅበሩ ነዳጅ ዘይቱን ከልክሎ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሐበሻ አገር ለመውጣት እገደድ ነበር እንዳለው፣ በዚያ የነበረው ጀርመናዊ አስተርጓሚ ጽፏል። ይህ እውነት ከሆነ፣ የሚሊዮን ሰዎች ዕድል የተወሰነው በአንድ የዕቃ መዝገብ ላይ በቀረች አንዲት ቃል ነው። በኅዳር 7 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝ የኢጣልያን የኢትዮጵያ ገዥነት በሕግ አወቀች። ይህን ግፍ ካልተቀበሉት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፤ አዲስ አበባ ላይ በስሟ የተጠራው አደባባይ የዚህ መታሰቢያ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ወደ ምዕራብ ጎጃም እንመለስ። ጎጃም በ1930 ዓ.ም. በጠላት ላይ ተነሣ። በኛ በኩል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በየጎራውም ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ አርበኞች ነበሩ። ጄኔቭ ዝም ባለችበት ጊዜ ያልተዋዋሉትና ያልፈረሙት ገበሬዎች የቃል ኪዳኑን ሥራ ሠሩት። ከጠላት ጋር ያደሩም ሰዎች አልጠፉም፤ የራስን ጥቅም ማስቀደም በጄኔቭ ብቻ የሚገኝ በሽታ አይደለምና።

ኢጣልያ በሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ባወጀች ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ትናንት ድል አድራጊነቷን ያወቀችላት እንግሊዝ ዛሬ የአርበኞች ወዳጅ ሆነች። በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ጎጃም ገቡ፤ በኅዳር 1933 ዓ.ም. ሻለቃ ዊንጌት በአውሮፕላን መጥተው ተገናኟቸው። ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ የአገራቸውን መሬት ረገጡ። ዊንጌት ጦራቸውን ጌዴዎን ብለው ሰየሙት። በ300 ሰው ብዙ ሠራዊት ያሸነፈውን የመጽሐፍ ቅዱሱን ጌዴዎን ለማሰብ ነው። በዚህ ጦር ውስጥ ሱዳኖችም፣ በስደት የነበሩ ኢትዮጵያውያንም፣ ጥቂት እንግሊዞችም ነበሩ። ስንቁን የተሸከሙት በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የሱዳን ግመሎች ናቸው፤ ከቆላው ሐሩርና ከደጋው ዳገት የተረፉት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በሎንዶን የግመል መተላለፊያ ተብሎ የተቀለደበት ነገር በጎጃም እንዲህ ሆኖ እውነት ሆነ ማለት ይቻላል።

ከግመሎቹ ጭነት መካከል ጠገራ ብር ነበረ። ስለዚህ ብር ጥቂት እንናገር፤ የዓለም ንግድ ወደ ቡሬ ገበያ እንዴት እንደ ደረሰ ያሳየናልና። በላዩ የተቀረጸችው ማሪያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ስትሆን፣ የሞተችበት 1780 የፈረንጅ ዓመት ተጽፎበት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሲታተም ኖሯል። አባቶቻችን የወረቀት ገንዘብ አያምኑም ነበርና ብሩን አንኳኩተው ድምፁን ሰምተው፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቍ ቈጥረው ይቀበሉት ነበር። ኢጣልያ ለወረራው ስትሰናዳ በ1927 ዓ.ም. ማተሚያውን ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮማ ማሳተም ጀመረች፤ የኢትዮጵያን ሰው በኢትዮጵያ ብር ልትገዛበት ነው። ቀጥሎ እንግሊዝም በሎንዶን፣ በጦርነቱም ጊዜ በቦምቤይ አሳተመች። እንግዲህ ወራሪም ነጻ አውጪም ወደዚህ አገር የመጡት ያችኑ ንግሥት በከረጢት ይዘው ነው። ብር ለማን እንደምትሠራ አታውቅም፤ የሚያውቀው የያዛት እጅ ነው። ስለ ዓለም ኤኮኖሚ በክፍል ከተማርነው ሁሉ ይህን ያህል ግልጥ የሆነልን የለም።

በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የጌዴዎን ጦር በቡሬ ዙሪያ ያሉትን ምሽጎች መምታት ጀመረ። በቡሬ የነበረው የጠላት ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። አዛዡ ግን በጨለማ ከየአቅጣጫው ተኩስ ሲሰማና አርበኛው መንገዱን ሲቈርጥበት ታላቅ ሠራዊት የከበበው መሰለው፤ በየካቲት 25 ቀን ቡሬን ለቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ ጉዞ ጀመረ። ዛሬ እኛ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በመኪና የምንመላለስበት መንገድ ያ ጦር የሸሸበት መንገድ ነው። በየካቲት 27 ቀን ደምበጫ ሳይደርስ በወንዝ ዳር ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ድንገት ፊት ለፊት ገጠመው፤ የኛዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ ክፉኛ ተጎዱ፤ ጠላት ግን ጉዳቱን ተሸክሞ አለፈ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀንም ከወጡ በአምስት ዓመታቸው አዲስ አበባ ገቡ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጽሑፋችን ደስ በሚያሰኝ ቃል ይፈጸም ነበር። ነገር ግን ፍርድ እስከ መጨረሻው መታየት አለበት። በጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተደረገው ውል እንግሊዝ በገንዘብም፣ በአማካሪም፣ በጦርም በኩል በኢትዮጵያ ላይ ታላቅ ሥልጣን ያዘች፤ ኢጣልያ ትታቸው ከሄደቻቸው መኪናዎችና የፋብሪካ ዕቃዎችም ብዙው ከአገር ወጣ። በታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በተደረገው ሁለተኛ ውል ቀንበሩ ቀለለ፤ ሐውድ የተባለው አገር ግን እስከ 1947 ዓ.ም. አልተመለሰም። ከወንዝ ያወጣህ ሰው ልብስህን ቢወስድ ምን ትለዋለህ? ማመስገንም መጠየቅም ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። በቡሬ ዙሪያ ለወደቁት እንግሊዞችና ሱዳኖች ምስጋናችን እንዳለ ሆኖ፣ የመንግሥታቸውን ሥራ መመርመር ውለታ ቢስነት አይደለም።

ኢጣልያም በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ከብዙ ክርክር በኋላ ከዚህ ያነሰ ተከፈለ፤ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ ካሣ ነው። የአክሱም ሐውልት በ18 ወር ውስጥ ይመለስ ተብሎ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ውል የማይረሳ ነገር ነው፤ የሚረሱት ሰዎች ናቸው፤ የሚያስታውስ ባለቤት ካለው ግን ከ58 ዓመት በኋላም ቢሆን ይፈጸማል።

ኢትዮጵያ ራስዋስ ከዚህ ምን ተማረች? ሁለት መንገድ ነበራት። አንደኛው፣ «ቃል ኪዳን ከንቱ ነው፤ ከእንግዲህ ሁሉም ለራሱ» ማለት ነበር። እርስዋ ግን ሌላውን መረጠች። የተባበሩት መንግሥታት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች። ኮርያ በተወረረች ጊዜ ለእኛ ያልተደረገልንን እናድርግ ብላ በ1943 ዓ.ም. የቃኘውን ሻለቃ ላከች። በ1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር ሆና ስለ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ደቡብ አፍሪካን በዓለም ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱ በ1958 ዓ.ም. የነገሩን ፍሬ ሳይፈርድ ክሱን ቢመልሰውም፣ የሕዝቡ አቤቱታ አልቆመም፤ ያች አገር ዛሬ ነጻዋ ናሚቢያ ናት።

አንባቢ፣ «ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ነው፤ ለዛሬው ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» ይል ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ሩሲያና ዩክሬን በተዋጉ ጊዜ የማዳበሪያ ዋጋ እስከ ቡሬና እስከ ጃቢ ጠህናን የበቆሎ ማሳ ድረስ ናረ። ከእነዚያ አገሮች ጋር ምንም ጠብ የሌለው የኛ ገበሬ ዕዳውን ተካፈለ። በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተጻፈ የዕቃ መዝገብ በጎጃም ሞትን እንዳመጣ፣ ዛሬም በሩቅ ከተማ የሚጻፍ መዝገብ የገበሬውን ጎተራ ያጐድላል። ዓለም አንድ ገበያ ሆናለች፤ አንድ ሸንጎ ግን ገና አልሆነችም። ገበያው ያለ ሸንጎ ሲቀር ደግሞ ሚዛኑን የሚይዘው ጉልበተኛ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስና እንፈጽም። ባለፈው ዓመት፣ «መንግሥት ስለ ቃሉ ቢከስር የሚራበው ሕዝቡ ነው» ብለን ነበር። ይህ ቃል እስከ ዛሬ እውነት ይመስለናል። ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። የረሳነው ሌላው ግማሽ ይህ ነው፤ መንግሥት ቃሉን ቢያፈርስም የሚራብና የሚሞት ሕዝብ አለ። ሕዝቡ የሌላ አገር ሕዝብ ስለ ሆነ በእኛ መዝገብ ላይ አይጻፍም እንጂ። ኋላም ተራው ሲደርስ በራሳችን መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ጦርነቱ ለሎንዶንም ለፓሪስም እንደ ደረሰው ማለት ነው። ቃል ኪዳን የሚጠቅመው በሚከብድበት ቀን ነው፤ በሚቀልበት ቀንማ ያለ ቃል ኪዳንም ሰው ይስማማል። ስለዚህ በጭብጨባ ያሸነፍንበትን ነገር በዚህ ጽሑፍ በፈቃዳችን ትተነዋል፤ ለተረቱት ጓደኞቻችንም ድሉን እንመልስላቸዋለን።

የምንማርባት ከተማ ስም ፍኖተ ሰላም ነው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ግን የሸሸ ጦርም፣ ያባረረ ጦርም፣ የሞተ ግመልም፣ ብር የተሸከመ በቅሎም አልፎበታል። መንገድን የሰላም መንገድ የሚያደርገው ስሙ ሳይሆን የሚሄዱበት ሰዎች ለቃላቸው መታመናቸው ነው። ከእኛ መካከል ነገ ነጋዴ፣ ዳኛ፣ ጸሓፊ ወይም የአገር መልእክተኛ የሚሆን ይገኛል። በአንድ አዳራሽ ተቀምጦ ስሙን የማያውቀው የሩቅ ሕዝብ ጉዳይ ሲቀርብለትና እጅ የማውጣት ተራው ሲደርስ፣ ድምፃቸውን ያልሰጡትን 25ቱን ያስታውስ ዘንድ እንለምነዋለን።